ጥበብና ጠይብ በስሜን ደጋ

ስለ ተፈጥሮና ስለ እጅ ጥበብ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የምናነበው የባሕር ዳር ሰዎችን ነገር ነው። ዛጎል የሚለቅሙ፣ ማዕበል የሚሥሉ፣ ባሕር የተፋውን ግንድ ጠርበው ዓሣና ወፍ የሚያወጡለት ባለእጆች በየአገሩ አሉ። ስለ እነርሱ ብዙ ተብሏል፤ ይገባቸዋልም። የእኛው ስሜን ግን ባሕር የለውም። ያለው ገደል ነው። ሆኖም ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከሳንቃ በር ወይም ከጨነቅ ጫፍ ማልዶ የቆመ ሰው፣ ያ ሁሉ ቆላ በጉም ተውጦ የሩቆቹ አምባዎች ብቻ እንደ ደሴት ራሳቸውን አውጥተው ሲያይ፣ ባሕር የለም ለማለት ይቸግረዋል። በዚህ የጉም ባሕር ዳርቻ የሚኖረው የደባርቅ፣ የዳባትና የጃናሞራ ሰው እጁ ምን ሠራ? ተራራው ምን አስተማረው? የሠራውንስ ማን በስሙ ጠርቶት ያውቃል? ላነሣ የፈለግሁት ይህን ነው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ዛሬ በስሜን ተፈጥሮ የተቃኘ ጥበብ ሲባል በአብዛኞቻችን ዐይነ ኅሊና የሚመጣው የዋልያ ሥዕል ነው። ዋልያ በሆቴል ግድግዳ ላይ አለ፤ በከነቴራ ላይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የቢራ ስም ሆኖ ወጥቷል፤ ብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድናችንም «ዋልያዎቹ» ተብሎ ይጠራል። ሕያው ዋልያ ግን በመቶዎች ብቻ ይቆጠራል፤ ከስሜን ተራሮች ሌላም በዓለም ላይ የትም የለም። በሥዕል የበዛውን ያህል በገደሉ ላይ ቢበዛ ምንኛ በታደልን! እንግዲህ እነዚህ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከፎቶግራፍ የተገለበጡ ናቸው። ፎቶግራፉን ያነሣው እንግዳ ነው፤ የገለበጠው የከተማ ሠዓሊ ነው፤ የሚገዛውም እንግዳ ነው። ዋልያን በየቀኑ የሚያየው እረኛ በዚህ ንግድ ውስጥ የለበትም። በበኩሌ የስሜን ጥበብ ይህ አይመስለኝም። ሥዕሎቹን ለመናቅ አይደለም፤ ሠዓሊውም እንጀራውን ነው የሚያበስለው። ነገር ግን ተራራው በሰው እጅ ላይ ያሳረፈውን ማኅተም ለማየት የሚሻ ሰው ዐይኑን ከግድግዳው አንሥቶ ወደ ሰዎቹ ልብስ፣ ወደ ቤታቸው ጣሪያ፣ ወደ ዕቃቸውና ወደ ቃላቸው ማዞር አለበት።

ከቃሉ ልጀምር፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የምንቀርበው እርሱን ነውና። በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ስሜንን ተዘዋውሮ እንስሶቹን አጠና። ዋልያን እ.ኤ.አ. በ1835 በሳይንስ መዝገብ ሲያስገባው «ካፕራ ዋሊ» አለው። በዚያው ዓመት ጭላዳን ሲያስመዘግብ «ጌላዳ» የሚለውን የዝርያ ስም ሰጠው። ቀይ ቀበሮን በ1840 ሲያስመዘግብ ደግሞ «ሲመንሲስ» አለው፤ ስሜናዊው ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የዓለም ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚጠሩባቸው እነዚህ ስሞች ከስሜን ሰው አፍ የተወሰዱ ናቸው። ሩፔል ስሙን አላወጣም፤ ሰምቶ ጻፈ። ያወጣው ማነው? እረኛ ይሆናል፤ አዳኝ ይሆናል፤ ገብስ ጠባቂ ልጅ ይሆናል። ለአንድ እንስሳ ስም ማውጣት ያንን እንስሳ ለረጅም ጊዜ በትኩረት ማየትን ይጠይቃል፤ ይህም የባለቅኔ ሥራ ነው።

ጅብራም አለ። ያ በግጭ ሜዳና በቧሂት ወገብ ላይ እንደ ዘብ ቆሞ የሚታየው ረጅም ተክል ለዓመታት ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆይና አንዲት የአበባ ዘንግ ወደ ሰማይ ሰድዶ፣ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። የአዲስ አበባ እናት መንገድ ላይ የቆመ ልጇን «ምን እንደ ጅብራ ተገትረሃል!» ብላ ስትቆጣ ጅብራን አይታ አታውቅ ይሆናል። ቃሉ ግን ከደጋ ነው የወረደው። ይህን ንግግር የፈጠረው ሰው የተክሉን መልክ ከሰው አቋም ጋር ያስተያየ ሰው ነው፤ ምሳሌውም ይኸው ከተማ ገብቶ፣ ምንጩ ተረስቶ፣ በየአፉ ይኖራል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው።

የስሜን ጥበብ መነሻው ብርድ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። እዚህ ገብስና በግ እንጂ ጥጥ አይበቅልም። ጥጥ ከቆላ በአህያ ተጭኖ የሚመጣ የሩቅ ሰው ነው። ስለዚህ ደገኛው የራሱን ልብስ ከራሱ በግ ላይ ሸለተ። የበግ ዘር አጥኚዎች የስሜንን በግ ራሱን የቻለ ዘር አድርገው መድበውታል፤ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለና ብርድ የማይደፍረው ነው። ከዚህ ጠጉር በርኖስ ይሸመናል፤ ባና ይሸመናል፤ የእረኛው ቆብ ይሠራል። ቆዳውም አይጣልም፤ ለተኛ አጎዛ፣ ለቆመ ደበሎ ይሆናል። ደበሎውን የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነው፣ ቅኔ የተቀኘው የቆሎ ተማሪ ትከሻ ላይ የነበረ ነውና። የቅኔያችን ታሪክ ከቆላው ይልቅ ደጋውን የሚሸተው በከፊል በዚህ ነው። (ይህን ስል የቆላ ሊቃውንት እንዳይቀየሙኝ።)

ጠጉሩ ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ እስኪሸምነው ድረስ ያለው ድካም ቀላል አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካኝ ግን ቀለሙ ነው። በርኖሱ ጥቁር ከሆነ በጉ ጥቁር ስለነበረ ነው። ባናው ላይ ነጭና ቡናማ ሰንበር ካለ ነጭ በግና ቡናማ በግ ስለተሸለቱ ነው። ቀለም የነከረ የለም። ከበርኖሱ ጎን ጭላዳው ሣር ሲነጭ የሚቀመጥበትን ዐለት፣ አስታው የለበሰውን ሽበት፣ የጥቅምትን የገብስ ማሳ አስቀምጣችሁ ብታዩ፣ ልብሱ ከመሬቱ ቀለም እንዳልወጣ ይገባችኋል። ሸማኔው ተራራውን አልሣለም፤ ለበሰው። በተፈጥሮ መነሳሳት የሚባለው ነገር በከተማ ቋንቋ አንድ ሠዓሊ ወደ ጫካ ወጥቶ፣ አይቶ፣ ተደንቆ ሲመለስ ነው። እዚህ ግን የሚመለስበት ቤት የለም፤ ቤቱ እዚያው ነው።

ጓሳውም እንዲሁ ነው። ጣሪያ ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። እረኛ ዝናብ ሲመታው የሚደፋው ገሳ የሣር ሥራ ነው፤ ውኃው በላዩ ላይ እየተንሸራተተ እንዲወርድ ሣሩ ተደራርቦ ይታሰራል። የሣር ጣሪያ አከዳደን ወደ ሰው ትከሻ ወረደ ማለት ነው። ሴቶቹ በበኩላቸው ስንደዶና አክርማ ለቅመው ሰፌድ፣ አገልግልና መሶብ ይሰፋሉ። በስፌቱ ላይ የሚወጣው ቅርጽ በወረቀት አልተነደፈም፤ ቆጥራ ነው የምትሰፋው፤ ስሌቱ ራሷ ውስጥ ነው። አንዲት ቀለበት ላይ ብትሳሳት ከሦስት ዙር በኋላ ይታይባታል። ይህን የመሰለ ቁጥር በቃል የመያዝ ችሎታ በዜማ ቤት ቢሆን «ድጓ በቃሉ ነው» ተብሎ ይወደስ ነበር። መሶብ የሰፋች ሴት ግን «ሥራ ፈታ ስትሰፋ ዋለች» ነው የምትባለው። እንዲህ ያለውን ፍርድ ማን እንደ ደነገገው እንጃ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

ጥበብና ጠይብ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ግእዙ ጠቢብ ይላል፤ ብልህ፣ አስተዋይ፣ ዐዋቂ ማለት ነው። ሰሎሞን ጠቢብ ነው። ይኸው ቃል ወደ አማርኛ ሲወርድ በአንድ በኩል ጥበብ ሆኖ ተከበረ፤ በቀሚሱ ጥለት ላይ ሳይቀር ስሙን ተከለ። በሌላ በኩል ጠይብ ሆነና ስድብ ሆኖ ቀረ። ጠይብ ማለት ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያበጅ፣ ሸክላ አቡክቶ ምጣድ የሚያወጣ ሰው ነው። ያለ እርሱ ማረስም መጋገርም የለም። እርሱ ግን ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ ልጅን በዐይኑ ይበላል። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባላል፤ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ይባላል። አንድ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ስለ እጅ ሥራ ያላቸውን ሐሳብ እንዲህ በአንድ ቃል ሁለት ዕጣ ሲያጋልጥ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላየሁም።

በስሜን ይህን ዕዳ ከማንም በላይ የተሸከሙት ቤተ እስራኤል ናቸው። ስሜን የእነርሱ አገር ነበረች፤ በአምቦቿ ላይ የራሳቸውን ገዢዎች ይዘው ከነገሥታቱ ጋር ለረጅም ዘመን ተዋግተዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሸነፉ። ርስት ያጣ ሰው እጁ ብቻ ይቀረዋልና ብዙዎቹ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛ ሆኑ፤ ሴቶቻቸው ሸክላ ሠሪ ሆኑ። በጎንደር ግንቦች ሥራም እጃቸው እንደነበረበት ይነገራል። መሬቱን ነሥተን በሠሩልን ዕቃ ተጠቀምን፤ ስለ ሠሩልንም ሰደብናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ወጣ እንዳሉ፣ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። የወለቃ ሴቶች ከጥቁር ሸክላ ትናንሽ ምስሎችን፣ ወፎችንና አንበሶችን፣ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ዝናቸው ከሀገር ውጭ ደርሶ ነበር። ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላም ምስሎቹ በሌሎች እጅ መሠራታቸው አልቀረም፤ ሸክላው ያው ሸክላ ነው፤ ትዝታው ግን የሌላ ሰው ነው። ከዚህ የምማረው ነገር ካለ፣ ጥበብ ከነባለቤቱ ሊሄድ እንደሚችል ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ግን ዕድሜው ከዐዋጁ ይልቅ ረዝሟል። እኔ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፤ በቃል ሥራ የምንኮራው እኛ፣ የምንኮራበትን ቋንቋ የተበደርነው ከእነዚሁ ከምንሰድባቸው ሰዎች ነው። ቅኔያችን ሰምና ወርቅ ይባላል። ሰምና ወርቅ የማን ቃል ነው? የአንጥረኛው ነው። ቅርጹን በሰም አውጥቶ፣ ጭቃ አልብሶ፣ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን የሚያፈስሰው እርሱ ነው። መሪጌታው ከአንጥረኛው ደጅ ቆሞ አይቶ ባይሄድ ኖሮ ለቅኔው ስም አያገኝለትም ነበር። የድርሰት ሐያሲ ስለ አንድ ልብ ወለድ ሲጽፍ «ድርና ማጉ የላላ ነው» ይላል፤ የሸማኔ ቃል ነው። ሴራ ይሸረባል፤ ነገር ይፈተላል፤ ታሪክ ይቋጫል። የግጥም ሐረግ እንላለን፤ የዓረፍተ ነገር ሐረግም እንላለን፤ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚወጣው የተጠላለፈ ጌጥም ሐረግ ይባላል። ሐረግ ደግሞ በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክል ነው። እንግዲህ ብራና ጌጠኛው ከጫካ ወሰደ፤ ሰዋስው ዐዋቂውም ሐረጉን የሚያውቀው ከዚያው ጫካ ነው። ተፈጥሮ የቃኘው ጥበብ ፍለጋ የሄደ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛል?

ብራናን ካነሣሁ ደረስጌን ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። ደረስጌ ማርያም በጃናሞራ ትገኛለች። ታሪክ አንባቢ የሚያውቃት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው በመንገሣቸው ነው። ሰው ለራሱ ያሠራው ቤት ለባላንጣው ሲሆን ከዚህ የበለጠ ልብ ወለድ አያሻም። እኔን ግን ዛሬ የሚስበኝ ሌላ ነገር ነው። ውቤ ደረስጌን ሲያሠሩ ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ በሥራው እንደረዳ ተጽፏል። ኤድዋርድ ዛንደር የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊም በውቤ ዘንድ አገልግሏል። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ እዚሁ ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ የሞተ ሰው ነው። ዕፀዋት እየለቀመና እያደረቀ ወደ አውሮፓ ልኳል። በዚህም ምክንያት ብዙ የሀገራችን ተክሎች በሳይንስ ስማቸው ሺምፐርን ይጠራሉ። ጦስኝ እንኳ፣ ያ የደጋ ሰው ሻይ ውስጥ የሚጨምረው፣ ሜዳ ላይ ሲረግጡት የሚሸተው ጦስኝ፣ በላቲን «ታይመስ ሺምፐሪ» ይባላል።

ለሺምፐር አይበዛበትም፤ ዕድሜውን ሰጥቷል። ነገር ግን የደረስጌን ሣር የከደነው ማነው? የግንቡን ድንጋይ የጠረበው፣ የፍየሉን ቆዳ በውኃ ዘፍዝፎ፣ ወጥሮ፣ ፍቆ ብራና ያደረገው፣ ጥቀርሻውን በጥብጦ ቀለም ያወጣው፣ መቃውን ቀርጾ ብዕር ያደረገው ማነው? በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ያጻፈው ሰው ስም ይገኛል፤ አንዳንዴ የጸሐፊውም አብሮ ይገኛል፤ አንባቢ ሆይ በጸሎትህ አስበኝ ይላል። ብራና ፋቂው ግን አስበኝ ሲል አልሰማንም። ሠዓሊውም አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሏል። ይህን ዝምታ ትሕትና ነው የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ከፊሉ ግን ማንም ስላልጠየቃቸው ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ዘመናችን። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተደነገገ፤ በ1978 ዓለም አቀፍ ቅርስ ተብለው በመጀመሪያ ከተመዘገቡት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ለመውጣቱ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩትን የግጭ ሰዎች ወደ ደባርቅ ማስፈር ነበር፤ በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ተነሡ። የሣሩ ማገገም፣ የጭላዳና የዋልያው መተንፈስ የሚጠላ ነገር አይደለም። ከብትና እርሻ የፓርኩን ደጋ ምን ያህል እንደጎዱት ያየ ሰው ውሳኔውን በቀላሉ አይነቅፍም፤ እኔም አልነቅፍም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የሰፈረው አባወራ ካሣ ሲከፈለው ቤቱ ተቆጠረ፤ መሬቱ ተለካ። በእጁ ያለው ዕውቀት በየትኛው ዓምድ ተጻፈ? ከተማ ጠርዝ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ብዙ በግ አያረባም። በግ ከሌለ ሱፍ የለም። ሱፍ ከሌለ ደጋኑ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሣር ጣሪያ የሚከድን ሰው ቆርቆሮ ሲመታ ይማር ይሆናል፤ ልጁ ግን ሣር መክደን የሚማርበት ቦታ የለውም። ለዋልያው ጥበቃ ተመደበለት፤ የዋልያን ስም ላወጣው ሕዝብ ዕውቀት ግን አልተመደበለትም።

በዚህ ላይ ገበያው ጠፋ። የበርኖሱ ገዢ ባላገሩ ሲሆን፣ የሱፍ ቆቡ ገዢ ግን በአብዛኛው እግረኛ ቱሪስት ነበር፤ ልጆች ቆቡንና ትናንሽ ሰፌዶችን ይዘው በመንገድ ዳር ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መንገደኛውን አስቀረ። በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ወረዳዎች ድረስ ደረሰ፤ በጭና ተክለ ሃይማኖት ሰላማውያን ሰዎች አለቁ፤ ስለ ቆብና ስለ ሰፌድ ማሰብ ነውር የሚመስልበት ጊዜ ነበር። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። በእንዲህ ያለ ዘመን የእጅ ሥራ የሚሞተው ተረስቶ አይደለም። ሠሪው ለዕለት ጉርሱ ሌላ ነገር ሲያሳድድ እጁ ይፈታል፤ ልጁም አያይም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ፤ ወዳጆቼም ብለውኛል። «አንተ ሞቆህ ተቀምጠህ እረኛውን በደበሎ ውስጥ ልታቆየው ትፈልጋለህ፤ ልባሽ ጃኬት በርካሽ ሲያገኝ ለምን ይከፋሃል?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከገበያ የተገዛ አሮጌ ጃኬት ከበርኖስ ይቀልላል፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ «ባህልህን ልበስ» ብሎ መምከር ግፍ ነው። ቆርቆሮውም ቢሆን እሳት አይፈራም፤ በየዓመቱ ክደነኝ አይልም። ማንም ሰው ለእኛ ትዝታ ሲል በጭስና በቁንጫ እንዲኖር የመጠየቅ መብት የለንም። ነገር ግን ሸማኔው ሸማኔ መሆን ያቆመው ጃኬት ስለመጣ ብቻ አይደለም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሸማኔ ልጅ መባሉን ስለፈራም ነው። ጃኬቱን የመረጠው ስለሚሞቀው ከሆነ ይሁን፤ ሙያውን የተወው ስላፈረበት ከሆነ ግን ያሳፈርነው እኛ ነን። ጃፓኖችና ስኮትላንዶች ሱፋቸውንና ሸክላቸውን በክብር የሚሸጡት ድህነትን ስለሚወዱ አይደለም፤ ሠሪው በስሙ ስለሚጠራና ዋጋው ድካሙን ስለሚመስል ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ትልቅ አይደለም። ሙዚየም ይሠራ፣ በጀት ይመደብ የሚለውን ለሌሎች ልተወው፤ ያንን የሚሉ ብዙዎች አሉ። እኔ የምለው ለእናንተ፣ ግጥምና ድርሰት ለምትወዱት ነው። ከእናንተ መካከል ደባርቅ ወይም ዳባት የተወለደ አለ፤ አያቱ መካነ ብርሃን ያለች አለ። ለእረፍት ሲሄድ ማስታወሻ ደብተር ይያዝ። የሸማኔውን ዕቃ እያንዳንዱን ክፍል ስሙን ይጠይቅ። ለበግ ጠጉር ቀለም ሁሉ በስሜን አፍ ስንት ስም እንዳለው ይመዝግብ። ለጉም ዓይነቶች፣ ለገደል ቅርጾች፣ ለነፋስ አቅጣጫዎች፣ ለሣር ጎሳዎች የተሰጡትን ቃላት ይሰብስብ። የመሶቡን ቅርጾች ሰፊዋ ምን ብላ እንደምትጠራቸው፣ ከማን እንደ ተማረችም ይጻፍ። መዝገበ ቃላቶቻችን የሊቃውንት ሥራዎች ናቸው፤ ጉድጓድ ውስጥ ከተቀመጠው ሸማኔና ከጓሳው መሐል ካለው እረኛ የሚያገኙት ግን ገና ብዙ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊዎቻችንም ዋና ገጸ ባሕሪያቸው ከተማ የገባ ምሁር ካልሆነ ብዕራቸው አይታዘዝላቸውም። አንድ ጊዜ እንኳ የቀጥቃጭ ሚስት ታሪኩን ትተርክ! ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚወጣው ባሏ ሳይሆን በሯን የሚደበድበው ጎረቤት መሆኑን እርሷ ነች የምታውቀው።

ከዚህም የሚቀል ነገር አለ። አንድ ሰው ከደባርቅ ገበያ ባና ወይም ሰፌድ ሲገዛ «ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ወረቀት ላይ ጽፎ ዕቃው ላይ ይስፋው። ስሟን፣ መንደሯን፣ ዓመቱን። ነጋዴው በመጀመሪያ ይሥቅ ይሆናል፤ አንዳንዱም ስሙን አያውቀውም። ሦስተኛው፣ አራተኛው ገዢ ሲጠይቀው ግን ያጣራል። ሩፔል ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ስሜንን ሲዞር ይኸው ብቻ ነበር ያደረገው፤ ምን ትሉታላችሁ ብሎ ጠየቀ፤ ሰምቶም ጻፈ።